ሰሙ ይኸው፣ ወርቁስ? የምልክቶች ምንጭና ትርጉም ዳሰሳ

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ፣ ሶዶ ውስጥ፣ የጢያ ትክል ድንጋዮች ቆመዋል። ዩኔስኮ በ1980 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባቸው 36 ነበሩ፤ ከእነዚህ ውስጥ 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሰይፉን ለይቶ ለማወቅ ምሁር መሆን አያሻም፤ ስለቱም እጀታውም ቁልጭ ብሎ ይታያል። አስቸጋሪው ከሰይፉ አጠገብ ያለው ነው፤ ክብ አለ፣ ቅጠል ያወጣ ግንድ የሚመስል አለ፣ ምን እንደሆነ ለመገመት እንኳ የሚያዳግት መስመር አለ። አስጎብኚዎች የሰይፎቹ ቁጥር ሟቹ የገደላቸውን ጠላቶች ብዛት ያሳያል ይላሉ፤ ቅጠሉን እንሰት ነው የሚሉም አሉ። የአገሬው ሰው ደግሞ «የግራኝ ድንጋይ» እያለ ሲጠራቸው ኖሯል። ቁፋሮ ያረጋገጠው ከሥራቸው መቃብር መኖሩን ነው። የቀረው ሁሉ ኋላ የመጣ ሰው የሰጠው ትርጓሜ ነው።

«ይህ ምን ማለት ነው?» የሚለው ጥያቄ በጢያ ብቻ የሚቀር አይደለም። በዋሻ ግድግዳ፣ በሸክላ፣ በሰንደቅ ዓላማ፣ በመድኃኒት ጠርሙስ ላይ ያለ ምልክት ሁሉ ይህንኑ ያስነሣል። ላለፉት መቶ ሃምሳ ዓመታት አርኪዮሎጂስቶች፣ የቋንቋ ሊቃውንት፣ የሥነ ልቦና ሐኪሞችና የሥነ ሰብ ተመራማሪዎች የየራሳቸውን መልስ ሰጥተውበታል። እኛ ዘንድ ጥያቄው ከወዲሁ ያዘነበለ ነው። ቅኔ ሲፈታ እየሰማ ያደገ ሰው ከሰሙ ሥር አንድ ወርቅ መኖሩን አይጠራጠርም፤ የሚቀረው ፈልፍሎ ማውጣት ብቻ ነው። የቅኔው ወርቅ ግን ባለቅኔው ራሱ አስቦ ያኖረው ነው። ምልክት እንዲህ ያለ ባለቤት አለው ወይ? ብዙው ክርክር የሚሰናከለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ከጥንቱ እንነሣ። በደቡብ አፍሪካ የባሕር ጠረፍ፣ ብሎምቦስ በተባለ ዋሻ፣ ክሪስቶፈር ሄንሺልዉድ የሚመሩት ቡድን 75,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የኦከር ቁራጭ አገኘ። ኦከር ቀይ ቀለም የሚሰጥ አፈር ነው። የዚህኛው ቁራጭ አንድ ፊት ተፍቆ ለስልሶ፣ እርስ በርስ የሚቆራረጡ መስመሮች ተጭረውበታል። በ2018 ደግሞ ከዚያው ዋሻ የወጣች፣ 4 ሳንቲ ሜትር የማትሞላ ስንጥር ድንጋይ ይፋ ሆነች። ዕድሜዋ 73,000 ዓመት ይገመታል። በቀይ ኦከር ስድስት መስመሮች ተሰምረውባት ሦስት ሌሎች ያቋርጧቸዋል። መስመሮቹ ድንጋይዋ ጠርዝ ላይ ድንገት ስለሚቋረጡ ሥዕሉ ከዚህ የሰፋ እንደነበር ይታሰባል። ከዚህም ወደ ኋላ የሚሄድ አለ፤ ጃቫ ደሴት ላይ ትሪኒል ከተባለ ስፍራ የተገኘና ግማሽ ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው ዛጎል ላይ አንድ ሆሞ ኢሬክተስ የቀረጸው የተጠማዘዘ መስመር አለ።

እነዚህን «የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች» ብሎ መጥራት ግን መቸኮል ነው። ጭረት ሁሉ ምልክት አይደለም፤ እጅ ሥራ ሲፈታም ይጭራል። አንድ ጭረት ምልክት የሚሆነው ሌላ ሰው አይቶት «ይህ ያ ነው» ሲል ነው፤ ይህ ደግሞ ከድንጋዩ ላይ አይነበብም። የተሻለው ማስረጃ ድግግሞሽ ነው። ካናዳዊቷ ጄኔቪቭ ፎን ፔትሲንገር በአውሮፓ የበረዶ ዘመን ዋሻዎች ያሉትን ከጎሽና ከፈረስ ሥዕል ጎን የተጣሉ ነጠብጣቦች፣ መስመሮችና ባለ ማዕዘን ቅርጾች ስትመዘግብ፣ በሠላሳ ሺህ ዓመት ውስጥ ደጋግመው የሚመጡት ዓይነቶች 32 ብቻ ሆነው አግኝታቸዋለች። ዝም ብሎ የሚሞነጫጭር እጅ እንዲህ አይቆጠብም። እነዚያ ሰዎች አንዳች ነገር ይቀባበሉ ነበር፤ ምን እንደነበር ግን ቅርጹ አይነግረንም።

ምልክት ከየት ይመጣል ለሚለው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገንኖ የነበረው መልስ «ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ተዛመተ» የሚለው ነበር። ቤልጅጋዊው ጎብሌ ዳልቪዬላ በ1891 ስለ ምልክቶች ፍልሰት መጽሐፍ አወጣ። የስሚዝሶኒያን ሙዚየሙ ቶማስ ዊልሰን ደግሞ በ1896 ስዋስቲካን ብቻ የሚመለከት ሰፊ ጥናት አሳተመ። ምርጫው ጥሩ ነበር፤ ክንዶቹ የታጠፉት ይህ መስቀል ያልደረሰበት የለምና። በኢንደስ ሸለቆ ማኅተሞች ላይ አለ፤ በግሪክ ሸክላ፣ በአሜሪካ ነባር ሕዝቦች በናቫሆዎች ሽመና፣ በቡድሂስት ቤተ መቅደሶች ላይ አለ። ላሊበላ ላይ ከቤተ ማርያም መስኮቶች መካከልም የዚህ ቅርጽ ያለው ይገኛል። ከአውሮፓ የመጣ ጎብኚ ሲያየው ክው ይላል፤ ለማስቀደስ የመጣው ምእመን የሚያየው ግን አንድ ተጨማሪ የመስቀል ዓይነት ነው።

ሁሉም ከአንድ ምንጭ ቀዱት ማለት ግን አያሳምነኝም። ክርን ከክር፣ ስንደዶን ከአክርማ ጋር በቀጤ ማዕዘን የሚያገናኝ እጅ የታጠፈ መስቀል ላይ ለመድረስ አስተማሪ አያስፈልገውም። የመዛመት ሐሳብ አንዳንድ ጊዜ ልክ ነው፤ የቡድሃ መነኮሳት ምልክቱን ከሕንድ ወደ ቻይናና ጃፓን ይዘውት መሄዳቸው አያጠያይቅም። ሁልጊዜ ልክ ነው ሲባል ግን ጣጣ ያመጣል፤ ያመጣውንም ጣጣ ዓለም አይቶታል። ሃይንሪክ ሽሊማን በ1870ዎቹ ትሮይን እየቆፈረ ስዋስቲካ ያለባቸው የእንዝርት ቀለበቶች ሲያገኝ፣ ምልክቱን ከጥንት «አርያውያን» ጋር አያያዘው። የጀርመን ብሔርተኞች ሐሳቡን ተቀብለው አሳደጉት፤ የናዚ ፓርቲ በ1920 ዓርማው አደረገው፤ በ1935 ብቸኛው የጀርመን ብሔራዊ ሰንደቅ ሆነ። ክርክራቸው በአጭሩ «ምንጩ የእኛ ነው፤ ስለዚህ ምልክቱም የእኛ ነው» የሚል ነበር። የምንጭ ፍለጋ ንጹሕ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ ሆኖ የማይቀረው ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ደግሞ ምልክት በስንት ዓመት ሊገለበጥ እንደሚችል ያሳያል። የአሜሪካ ጦር 45ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር በቀይ መደብ ላይ ቢጫ ስዋስቲካ ትከሻው ላይ ይለጥፍ ነበር፤ የደቡብ ምዕራቡን ነባር ሕዝብ ለማክበር ተብሎ የተመረጠ ነው። በ1939 አንሥቶ «ነጎድጓድ ወፍ» በተባለችው ተካው። በ1940 አሪዞና ውስጥ የናቫሆ፣ የሆፒ፣ የአፓቼና የፓፓጎ ተወካዮች ከአያቶቻቸው የወረሱትን ይህን ቅርጽ ከእንግዲህ በሽመናቸውና በቅርጫታቸው ላይ ላለመጠቀም ፈረሙ። ያልሠሩት ወንጀል ምልክታቸውን ነጠቃቸው። በ2007 ደግሞ ጀርመን ምልክቱ በመላው የአውሮፓ ኅብረት እንዲከለከል ግፊት ስታደርግ የብሪታንያ ሂንዱዎች ተቃወሙ፤ ለእነርሱ የሠርግና የበዓል የመልካም ዕድል ምልክት ነውና። ሁለቱም ወገን ልክ ነበር። አንዱ ቅርጽ በበርሊንና በጉጃራት አንድ ነገር ይበል ብሎ ማስገደድ የሚችል ሕግ የለም።

ሁለተኛው መልስ ምንጩን ከካርታ አውጥቶ ወደ ሰው አእምሮ ያስገባዋል። የሥነ ልቦና ሐኪሙ ካርል ዩንግ በዚህ ይታወቃል። ሞቶ ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ በ1964 የወጣው «ሰውና ምልክቶቹ» የተባለው መጽሐፍ፣ ክቡ፣ እናቲቱ፣ ሽማግሌው፣ ጥላው ከሰው ልጅ የጋራ ኅሊና ጓዳ የሚወጡ መሆናቸውን ለአጠቃላይ አንባቢ ያስረዳል። ለማንበብ ደስ ይላል፤ ችግሩ የማይመልሰው ጥያቄ አለመኖሩ ነው። ሁሉን የሚያስረዳ ነገር መቼ እንደተሳሳተ አይታወቅም። ደቡብ አፍሪካዊው ዴቪድ ሉዊስ ዊሊያምስና ቶማስ ዳውሰን በ1988 ጠበብ ያለ ሐሳብ አመጡ፦ ሰው በተመስጦ ውስጥ ሲሆን የዓይኑና የአንጎሉ ሥርዓት ራሱ ነጠብጣብ፣ መረብና የተጠማዘዘ መስመር ያሳየዋል፤ የዋሻው ቅርጾች ከዚያ መጡ። ይህ ቢያንስ ሊፈተን ይችላል። ቢሆንም ቅርጹ ለምን እንደተመረጠ እንጂ ምን እንደተባለበት አይናገርም።

ለዚህ እባብ ጥሩ ማሳያ ነው። ሊን ኢስቤል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ የዝንጀሮና የሰው ዓይን እንዲህ የሰላው እባብን ፈጥኖ ለማየት ሲል ነው ትላለች። እውነት ከሆነ እባብ በየባህሉ መኖሩ አያስገርምም። ግን ምን ሆኖ ይኖራል? በኦሪት ዘፍጥረት አሳች ነው፤ በዚያው በኦሪት፣ ዘኍልቍ ላይ፣ ሙሴ የሰቀለውን የናስ እባብ ያየ ከመርዝ ይድናል። ሜክሲኮ ላይ ላባ ያለው እባብ አምላክ ነበር። በእኛ ትውፊት አርዌ የተባለ ዘንዶ አገር ገዝቷል፤ ግብሩም የከበደ ነበር። ግሪኮች በአስክሊፒዮስ በትር ላይ ጠምጥመው የሕክምና ምልክት አደረጉት። የአሜሪካ ጦር የሕክምና ክፍል በ1902 በዚያ ፈንታ ባለ ሁለት እባቡን የሄርሜስን በትር ዓርማው አደረገ። ሄርሜስ የነጋዴዎችና የመንገደኞች አምላክ ነው፤ ሐኪም አይደለም። ይሁን እንጂ ዛሬ ብዙ ሰው ያንን አይቶ ሐኪም ይፈልጋል እንጂ ነጋዴ አይፈልግም። ስሕተቱ መቶ ዓመት ሲሞላው ትክክል ሆነ። አካላችን የት እንደምናይ ይነግረን ይሆናል፤ ያየነውን ምን እንደምንለው ግን አይነግረንም።

ሦስተኛው መልስ የቋንቋ ሊቃውንቱ ነው። ፈርዲናን ደ ሶሱር ከሞተ በኋላ በ1916 በታተመው ትምህርቱ፣ በድምፅና በትርጉም መካከል ያለው ግንኙነት ስምምነት ብቻ ነው አለ። አሜሪካዊው ቻርልስ ፐርስ ቀደም ብሎ ነገሩን በሦስት ከፍሎት ነበር፦ ነገሩን የሚመስል ምልክት አለ፣ ጭስ እሳትን እንደሚጠቁም የሚጠቁም አለ፣ በልማድ ብቻ የሚሠራ አለ። የፐርስ ክፍፍል የበለጠ የሚጠቅመው አንድ ምልክት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲንሸራተት ስለሚታይበት ነው። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ፍሊንደርስ ፔትሪ በ1905 ሲና በረሃ፣ ሰራቢት ኤል ኻዲም ላይ ከጥንቱ የማዕድን ጉድጓዶች አጠገብ ጽሑፎች አገኘ፤ አለን ጋርዲነር በ1916 አንዱን ቃል አነበበ። የበሬ ራስ፣ ቤት፣ ውኃ፣ ዓይን ተሥለዋል፤ እያንዳንዱ ሥዕል የስሙን የመጀመሪያ ድምፅ ብቻ ይወክላል። የበሬው ራስ ተገልብጦ የላቲኑ የመጀመሪያ ፊደል ሆነ። በእኛ በኩል ስሞቹ ራሳቸው ከግእዝ ፊደል ጋር ቀርተዋል፦ ቤት፣ ማይ፣ ርእስ፣ ዐይን። ዐ ክብ ነች፤ በሳባውያን ጽሑፍም ክብ ነበረች። ዛሬ አማርኛ የሚጽፍ ሰው ዐን ሲጽፍ ዓይን አይታየውም፤ የጉሮሮ ድምፅዋም ከአማርኛ ጠፍቶ ከአ ጋር አንድ ሆኗል። ሥዕሉም ድምፁም ሄደው ክቧ ቀረች፤ የትኛው ቃል በዐ የትኛው በአ ይጻፍ እያልን ግን እስከ ዛሬ እንከራከርባታለን።

ስምምነት ነው ማለት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ማን ከማን ጋር፣ መቼ ተስማማ? ይህን በቅርብ ያዩት ከሰዎች ጋር የኖሩት የሥነ ሰብ ተመራማሪዎች ናቸው። ቪክቶር ተርነር በዛምቢያ ሰሜን ምዕራብ ከንደምቡዎች ዘንድ ቆይቶ በ1967 «የምልክቶች ደን» የተባለውን መጽሐፍ አሳተመ። ሙድዪ የሚሉት ዛፍ ሲቆረጥ ነጭ ፈሳሽ ይወጣዋል። ልጃገረድ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ከሥሩ ትተኛለች። ንደምቡዎችን የጠየቀ ሰው የእናት ጡት ወተት ነው፣ የእናት ዘር ነው፣ የሕዝባችን አንድነት ነው ይሉታል፤ እንዲያውም ከሰንደቅ ዓላማ ጋር ያነጻጸረው ነበር። ተርነር ግን ሥርዓቱን ሲያይ ሌላ አየ፤ ሴቶቹ በዛፉ ዙሪያ ሲጨፍሩ ወንዶችን ያርቃሉ፣ ይሳለቁባቸዋል፤ የልጅቱ እናት ከጨፋሪዎቹ ክብ ውስጥ አትገባም። የአንድነት ዛፍ የተባለው ሥር የሚታየው መለያየት ነው። ተርነር ከዚህ ያወጣው ትምህርት፣ ሰዎች ስለ ምልክቱ የሚሉትና በምልክቱ የሚያደርጉት ሁለቱም የትርጉሙ ክፍል መሆናቸውን ነው።

ከዚህም አልፎ የሄደው ፈረንሳዊው ዳን ስፐርበር ነው፤ ጥናቱን ያካሄደው እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ጋሞ፣ ዶርዜዎች ዘንድ ነው። ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን ነው፣ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል እንደሚሉ ሰማ። ረቡዕና ዓርብ ግን ከብቱን ሳይጠብቅ የሚተው ዶርዜ አላገኘም። ሞኞች ናቸው እንዳይባል፣ ነብሩን ከማንም በላይ ያውቁታል። ቀልደው ነው እንዳይባል፣ ከልባቸው ነው። በሥርዓት ጊዜ ሹም የሆነ ሰው ለምን ራሱ ላይ ቅቤ እንደሚያኖር ሲጠይቅ ደግሞ የሚያገኘው መልስ ወጉ ነው የሚል ነበር። ስፐርበር በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ምልክት ቁልፉ የጠፋብን መዝገብ ነው የሚለውን ሐሳብ ጨርሶ ጣለው። ምልክት ያስታውሳል፣ ያሳስባል፣ ነገርን ከነገር ያገናኛል እንጂ እንደ ቃል «ማለት» አያውቅም። ትርጓሜ የተባለውም የምልክቱ ቅጥያ እንጂ መፍቻ አይደለም፤ ራሱም ሌላ ትርጓሜ ይፈልጋልና።

እኔን ከሁሉ ያሳመነኝ ይህ ነው። ከሰምና ወርቁ ይልቅ ለምልክት የሚቀርበውም የአንድምታው ሥርዓት ነው፤ መምህሩ «አንድም» እያለ ትርጓሜውን በትርጓሜ ላይ ይደረድራል፤ የኋለኛው የፊተኛውን አይሽርም። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀዩን እንይ። ጋና በ1957 ነጻ ስትወጣ የኢትዮጵያን ቀለማት ወሰደች፤ ቢጫውን ግን የወርቋ ሀብት፣ አረንጓዴውን ደኗ፣ ቀዩን ለነጻነቷ የሞቱት ደም ብላ ተረጎመችው። እዚህም ቢጫው ለአንዱ ሃይማኖት፣ ለሌላው ተስፋና ፍትሕ ሆኖ ተነቧል። ቀለማቱ ቀድመው ነበሩ፤ ማብራሪያው ኋላ መጣ፤ ማብራሪያው ሲቀያየር ቀለማቱ ቆዩ።

ይሁንና የስፐርበር ሐሳብ የማይደርስበት ቦታ አለ። አንዳንድ ምልክት አንድ ነገር ብቻ ካላለ ሰው ይሞታል። ቀይ መስቀልን እንውሰድ። በ1864 የጄኔቫ ስምምነት ሲጸድቅ ነጭ መደብ ላይ ያለ ቀይ መስቀል «አትተኩስ» እንዲል ብቻ ታሰበ። በ1876 የኦቶማን መንግሥት መስቀሉ ወታደሮቹን እንደሚያስከፋ ገልጾ በጨረቃ ተካው፤ ቀይ ጨረቃ በ1929 ሕጋዊ ዕውቅና አገኘ። ከ129 ዓመት ክርክር በኋላ በ2005 ቀይ ክሪስታል የተባለ፣ ማንም አማኝ የእኔ ነው የማይለው ባለ አራት ማዕዘን ተጨመረ። ማገን ዳቪድ አዶም የተባለው የእስራኤል የእርዳታ ድርጅት ወደ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ማኅበር የገባው በዚያ በኩል ነው፣ በ2006። የስምምነቱን ደካማ ጎን ደግሞ ኢትዮጵያ በ1935 አይታዋለች። ዲሴምበር 30 ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች በመልካ ዲዳ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል ደበደቡ። ጣሊያን በበኩሏ ኢትዮጵያውያን ምልክቱን ለጦር ዓላማ ይጠቀሙበታል ስትል ከሰሰች። ቅርጹ አልተሳሳተም፣ በግልጽም ይታይ ነበር። ያልነበረው የሚያከብረው አብራሪ ነው።

መሐንዲሶች ደግሞ ትርጉም የሌለው ምልክት ፍለጋ ጀመሩ። በ1966 የዳው ኬሚካሉ ቻርልስ ባልድዊንና ባልደረቦቹ ለተላላፊ ነገር አደጋ ምልክት ሲሠሩ፣ ሰው ቶሎ የማይረሳውን ግን ሲያየው ምንም ነገር የማያስታውሰውን ቅርጽ በሙከራ መረጡ። ዛሬ በየሆስፒታሉ ያገለገለ መርፌ ማጠራቀሚያ ሣጥን ላይ ያለው ባለ ሦስት ቀንዱ እርሱ ነው። ባዶ ሆኖ ስለተወለደ ሐኪሞች የፈለጉትን ሞሉበት። የጨረሩ ምልክት ግን በ1946 በርክሌይ ተሠርቶ እያለ ላልተማረ ሰው የማይናገር ሆነ፤ አንዳንዱ ማራገቢያ ሊመስለው ይችላል። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ በ2007 በ11 አገሮች 1,650 ሰዎች ላይ ሞክሮ አዲስ አወጣ፤ ጨረር፣ የራስ ቅልና የሚሸሽ ሰው።

የኑክሌር ቆሻሻ ቀባሪዎች ጉዳይ ከዚህ ይከፋል፤ መልእክታቸው 10,000 ዓመት መቆየት አለበት፤ ዛሬ የሚነገር ቋንቋ እስከዚያ መድረሱን ማንም አይዋስም። የራስ ቅልም ለአንዱ መርዝ፣ ለሌላው የባሕር ወንበዴ ሀብት ነው። የምልክት ሊቅ ቶማስ ሲቦክ በ1984 ለአሜሪካ መንግሥት ባቀረበው ሪፖርት የትኛውም ምልክት ብቻውን አይበቃም አለ። በየሦስት ትውልዱ መልእክቱን በዘመኑ ቋንቋ እያደሰ የሚያስተላልፍ፣ በአፈ ታሪክና በሥርዓት ጭምር የሚጠብቅ የካህናት ዓይነት ቡድን ይቋቋም ሲል መከረ። ብዙዎች ሳቁበት። በ1999 ሥራ የጀመረውና ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ከ650 ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው የጨው ንብርብር ውስጥ ቆሻሻ የሚቀብረው ማከማቻ ግን ከ1993ቱ የሊቃውንት ምክር የወሰደው ከዚያ ብዙ አይርቅም። ማስጠንቀቂያው በሰባት ቋንቋዎች ይቀረጻል፤ ስድስቱ የተባበሩት መንግሥታት ቋንቋዎች ሲሆኑ ሰባተኛው ናቫሆ ነው። ከጽሑፉ አጠገብም፣ የሚመጣው አንባቢ በራሱ ቋንቋ እንዲጽፍበት ባዶ ቦታ ይተዋል። ድንጋዮቹ የሚተከሉት ማከማቻው ሲዘጋ ስለሆነ ገና አልቆሙም።